ከአሪቻ ጉድጓድ እስከ ዘነበወርቅ ላቦራቶሪ፦ ቀለም የሚቆጥረውና የሚዘልለው

በጌዴኦ ዞን፣ ይርጋጨፌ ወረዳ፣ አሪቻ ላይ ጥቅምት ሲጋመስ የእሸት ቡና ለቀማ ይደምቃል። ቀዩ ፍሬ ወደ መፈልፈያው ይገባል፤ ገለፈቱ በአንድ በኩል ቡናው በሌላ በኩል ይወጣል። በቡናው ላይ የቀረው ዝልግልግ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ሰንብቶ ይላቀቃል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ታጥቦም ሆነ ከነገለፈቱ ደርቆ የአሪቻ ቡና በውጭ አገር ቡና ቆዪዎች ዘንድ በስሙ የሚጠራ ነው። ስለ ታጠበበት ውኃ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ውኃው ከመፈልፈያው ሲወጣ ደፍረስ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ስኳሩ ሲብላላ ይኮመጥጣል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል። ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቶ አሲድነቱ ሲቀንስ ወይም ኖራ ሲጨመርበት ፒኤቹ 7 ይደርስና ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቆይቶም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ይህን ቀለም የሚያመጡት ከገለፈቱ የወጡ ፍላቮኖይዶችና ሌሎች ፖሊፌኖሎች ናቸው። ጉድጓዱ፣ ማንም ሪኤጀንት ሳይጨምርበት፣ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካዊ አጸግብሮት ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ስለሆነ ደግሞ የነገሩ መጠን ትንሽ አይደለም።

ያ ቀለም ወደ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። የሚያከራክረው ሌላው ጥያቄ ነው፦ የተገኘው ቁጥር የምን ቁጥር ነው?

ኬሚስቶች አሮማቲክ የሚሏቸው ውህዶች በአብዛኛው ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበትን የቤንዝን አካል የያዙ ናቸው። ፌኖል፣ አኒሊን፣ በአስፕሪን ውስጥ ያለው ሳሊሲሌት፣ በጥሬ ቡና ውስጥ የተከማቹት ክሎሮጀኒክ አሲዶች ሁሉ ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። አንዳንዱ ይሸታል፣ ብዙው አይሸትም። አብዛኞቹ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚመጥጡ እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው። የቀለም ዘዴዎች ሥራ እነዚህን የማይታዩ ነገሮች ከሌላ ሞለኪውል ጋር አያይዞ፣ ወይም ኤሌክትሮን አስለግሶ፣ ዓይን ወደሚያየው ክልል ማምጣት ነው።

የዘዴው ታሪክ ከቡና ጋር መገናኘቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚል ገጠመኝ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ በ1819 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቡና ፍሬ ካፌይንን ለይቶ አወጣ። ፍሬውን የሰጠው ባለቅኔው ጎተ ነበር፤ ወጣቱ በመርዛማ ተክል ጭማቂ የድመት ዓይን ብሌን ሲያሰፋ አይቶ ተደንቆበት። ይኸው ሰው በ1834 ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ውስጥ ሁለት ነገሮች አገኘ። አንደኛው ዛሬ ፌኖል የምንለው ነው። ሁለተኛውን፣ ዛሬ አኒሊን የሚባለውን፣ የለየው ክሎሪን ካዘለ የኖራ ዱቄት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ስለሆነለት ነው። ዱቄቱ የዛሬው በረኪና የቅርብ ዘመድ ነው። ከዋነኞቹ አሮማቲክ ውህዶች አንዱ ወደ ሳይንስ የገባው በቀለም አጸግብሮት በኩል ነበር ማለት ነው።

ሩንገ ያየው ግን መኖሩን እንጂ መጠኑን አልነበረም። ወደ መጠን የተሻገረው ሌላ ነገር ሲገባ ነው፦ ብርሃን በቀለም ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚቀንሰው እንደ ፈሳሹ ውፍረትና እንደ ባለቀለሙ ነገር ክምችት መሆኑ። ቡጌር በ1729 ጀመረው፣ ላምበርት በ1760 አጠናከረው፣ ኦገስት ቤር በ1852 ክምችቱን አስገባበት። ቀጥሎ ፈረንሳዊው ዱቦስክ ሁለት ብርጭቆዎችን ጎን ለጎን በአንድ መመልከቻ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ። ተመራማሪው የአንዱን ፈሳሽ ቁመት ከፍና ዝቅ እያደረገ ሁለቱ ቀለሞች እኩል እስኪመስሉት ድረስ ያስተካክላል፤ የቁመቱ ንጽጽር የክምችቱን ንጽጽር ይሰጠዋል። የክሊኒክ ኬሚስትሪ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ መሣሪያ፣ በሰው ዓይን ፍርድ ኖረ። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ተተካ፤ ስፔክትሮኒክ 20 የተባለው ሞዴል በዓለም የማስተማሪያ ላቦራቶሪዎች ከተሠራጩት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ሳይሆን አይቀርም። የብርሃን ምንጭ፣ ሞገድ የሚመርጥ ክፍል፣ ትንሽ ቱቦና ብርሃን ቆጣሪ፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የመሣሪያው ቀላልነት ግን የሥራውን ቀላልነት አያሳይም። ቁጥር የሚገኘው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ናሙና የሌለበት ሆኖ ሪኤጀንቱ ሁሉ ያለበት ባዶ ቱቦ መነበብ አለበት። ክምችታቸው ከሚታወቅ ቱቦዎች የተሠራ መለኪያ መስመር መኖር አለበት። ሦስተኛው፣ የጠቅላላ ክርክሩ ምንጭ የሆነው፣ መስመሩ በየትኛው ንጹሕ ንጥረ ነገር ተሠራ የሚለው ነው።

ለፌኖል ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ። አንዱ በ1943 ኤመርሰን የገለጸው፣ በውኃ ምርመራ መመሪያዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው አራት-አሚኖአንቲፓይሪን ነው። ናሙናው ወደ አልካላይ ይደረጋል፣ ሪኤጀንቱ ይጨመራል፣ ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ይከተላል፤ ፌኖል ካለ ቢጫው ፈሳሽ ወደ ሮዝ፣ ሲበዛም ወደ ቀይ ይሄዳል። በቀጥታ ከ500 እስከ 510 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። በጣም ጥቂት ፌኖል ሲፈለግ ግማሽ ሊትር ናሙና ተወስዶ ቀለሙ በትንሽ ክሎሮፎርም ተለቅሞ ይሰበሰብና 460 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። በዚህ ዘዴ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ እስከ አንድ ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ፣ ድረስ መውረድ ይቻላል። ለአንድ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይህ አስደናቂ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የፎሊን ነው። ስዊድን ተወልዶ ሃርቫርድ ያስተማረው ኦቶ ፎሊን ከሩማኒያዊው ቺዮካልቴው ጋር በ1927 ያሳተመው ሪኤጀንት የታሰበው ለፕሮቲን ሕንጻዎቹ ለታይሮሲንና ለትሪፕቶፋን ነበር። በ1951 ላውሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሪኤጀንት ለፕሮቲን ልኬት ያዋሉበት ጽሑፍ በሳይንስ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰ ሆኗል፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ። በ1965 ደግሞ ሲንግልተንና ሮሲ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለወይን ጠጅ አስተካከሉት። ዛሬ ስለ ሻይ፣ ስለ ማር፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ቡና ገለፈት ወይም ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የሚጻፍ ጥናት ውስጥ «ጠቅላላ ፌኖል» የሚል ሠንጠረዥ ካለ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በተጣራና በቀጠነ ናሙና ላይ ቢጫው ሪኤጀንት ይጨመራል። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከስምንት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ከዚያ የሶዲየም ካርቦኔት ሙሙ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ነገሩ ይበላሻል፤ ሪኤጀንቱ በአልካላይ ውስጥ ዕድሜ የለውም፣ ፌኖሉን ሳያገኝ ይሞታል። በትክክል ከተሠራ ቢጫው ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያልፋል። ሁለት ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ቆይቶ 765 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። መለኪያው መስመር የተሠራው በጋሊክ አሲድ ከሆነ ውጤቱ «ይህን ያህል ሚሊግራም የጋሊክ አሲድ አቻ» ተብሎ ይጻፋል።

«አቻ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ ወጥታ በመግቢያውና በመደምደሚያው ላይ ትጠፋለች። ቡና ውስጥ ጋሊክ አሲድ ዋናው ነገር አይደለም፤ ዋናዎቹ ክሎሮጀኒክ አሲዶች ናቸው፣ በጥሬ አረቢካ ከክብደቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚደርሱ። አንድ ግራም ክሎሮጀኒክ አሲድና አንድ ግራም ጋሊክ አሲድ በፎሊን ቱቦ ውስጥ እኩል ሰማያዊ አይሰጡም። ስለዚህ ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ የይርጋጨፌ ቡና አንዱ በጋሊክ፣ ሌላው በክሎሮጀኒክ መስመር ቢለኩት ሁለቱም ሳይሳሳቱ የተለያየ ቁጥር ያሳትማሉ። አንባቢው ያመሳክራቸዋል፤ ይህኛው ቡና ከዚያኛው ይበልጣል ይላል። የሚበልጠው መስመሩ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰው ፎሊን ፌኖልን ለይቶ አለማወቁ ነው። ሪኤጀንቱ የሚጠይቀው ኤሌክትሮን የሚሰጥ ማንኛውንም ነገር ነው፤ ቫይታሚን ሲ ይሰጠዋል፣ በአልካላይ ውስጥ አንዳንድ ስኳሮች ይሰጡታል፣ ፕሮቲን ይሰጠዋል፣ ብረትም በአንድ መልኩ ይሰጠዋል። የቡና ማጠቢያ ውኃ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተሠራ ነው፦ ስኳር፣ ፔክቲን፣ ፕሮቲን፣ ከመፈልፈያው ብረት የተፋቀ ዝገት። ቡናው ከተቆላ በኋላም ችግሩ አይቀርም። በመቁላት ክሎሮጀኒክ አሲዱ ይፈራርሳል፤ በምትኩ የሚፈጠሩት ጥቋቁር ሜላኖይዲኖች ፎሊንን ሰማያዊ ያደርጉታል። ጥቁር የተቆላ ቡና ላይ የሚገኝ «ጠቅላላ ፌኖል» በከፊል የቁላቱ ቁጥር ነው።

ታዲያ ለአሪቻ ጉድጓድ የትኛው ይሻላል? እዚህ ላይ የመመሪያዎቹን ጥቃቅን መስመር ማንበብ ያስፈልጋል። የአራት-አሚኖአንቲፓይሪን ዘዴ ናሙናው መጀመሪያ እንዲነጠር ያዛል፤ በአሲድ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደ አረቄ ጠብ እያለ ይሰበሰባል። ፌኖልና ክሬሶል ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣሉ። ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ ታኒንና ፍላቮኖይድ ግን አይወጡም፤ ፍላስኩ ሥር ከጭቃው ጋር ይቀራሉ። ያው ጉድጓድ በፎሊን ሲለካ በሊትር በሚሊግራም የሚቆጠር ትልቅ ቁጥር ይሰጣል፤ በአሚኖአንቲፓይሪን ሲለካ ከዚያ እጅግ ያነሰ። ሁለቱም ሪፖርት ላይ «ፌኖል» ተብለው ከተጻፉ፣ ጎን ለጎን የሚያያቸው የወረዳ ባለሙያ አንዱ ላቦራቶሪ አጭበርብሯል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

አሚኖአንቲፓይሪንም የራሱ ዕውርነት አለው። ሪኤጀንቱ ቀለበቱ ላይ የሚያያዘው ከሃይድሮክሲሉ ትይዩ በሆነው ቦታ ነው። ያ ቦታ በካርቦን ሰንሰለት ከተያዘ አይያያዝም፤ ፓራ-ክሬሶል ለምሳሌ ቀለም አይሰጥም ማለት ይቻላል። ፓራ-ክሬሶል ደግሞ ፕሮቲን አየር በሌለበት ሲበሰብስ የሚወጣ ነገር ነው፣ ልክ በከረመ ጉድጓድ ሥር እንደሚሆነው። በመስመሩ ላይ ያለው ንጹሕ ፌኖል ከሁሉ የላቀ ቀለም ስለሚሰጥ የዘዴው ውጤት ሁልጊዜ «ቢያንስ ይህን ያህል» ተብሎ መነበብ አለበት። ብዙ ሪፖርት ግን «ይህን ያህል» ብሎ ያልፋል።

አነስተኛ መጠን ለምን ያሳስባል ለሚል መልሱ ክሎሪን ነው። ወንዝ ውስጥ ያለ ጥቂት ፌኖል ብቻውን ላይሰማ ይችላል። ያው ውኃ ታች ተቀድቶ ቤት ውስጥ ውኃ አጋር የተባለው የክሎሪን ማከሚያ ሲጨመርበት ክሎሮፌኖሎች ይፈጠራሉ፤ እነሱ የመድኃኒት ጣዕም አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያሰፈረው የጣዕም ደፍ ለሁለት-ክሎሮፌኖል በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ አሚኖአንቲፓይሪን ተጣጥሮ ከሚደርስበት በአሥር እጥፍ ያነሰ። የሰው ምላስ ከስፔክትሮፎቶሜትሩ ቀድሞ ይሰማል። ውኃውን «ይሸታል» ብሎ ያልታከመውን የሚጠጣ ቤተሰብ አደጋው ከክሎሮፌኖሉ ሳይሆን ከጀርሙ ነው።

የቡና ፍሳሽ በኢትዮጵያ ጭራሽ አልተጠናም ማለት አይቻልም። አበበ በየነና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ሥራ በጅማ ዞን 23 መፈልፈያዎች ፍሳሽ የሚለቁባቸውን 18 ወንዞች በ44 ቦታዎች መርምሮ፣ ቡና በሚፈለፈልበት ወቅት የውኃው ኦክስጅን እስከ መሟጠጥ እንደሚደርስ አሳይቷል። ኦክስጅን ለዓሣና ለነፍሳት ሕይወት ቀጥተኛው መለኪያ ነው፤ ቀለበት ስላላቸው ውህዶች ግን አይናገርም። ስኳሩ በቀናት ውስጥ ይበላል፤ ታኒኑና ጓደኞቹ ይቆያሉ። የፌኖል ልኬት ቢጨመር የሚያተርፈው ይህን ቀሪ ማሳየቱ ነው።

ስለ ፍሬው ራሱ ከሆነ፣ የጌዴኦ ቡና በዓለም አቀፍ የምግብ ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ በቁጥር ወጥቷል። አበበ በላይና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2008 የካፌይንን መጠን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለኩ። ሪኤጀንት አልተጠቀሙም፤ ካፌይን በራሱ 275 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል። ነገር ግን ቡናን በውኃ አፍልቶ በቀጥታ ማንበብ አይሆንም፤ ክሎሮጀኒክ አሲዶቹ እዚያው አካባቢ ብርሃን ይሻማሉ። ካፌይኑን በዳይክሎሮሜቴን ከውኃው ቀድተው፣ ክሎሮጀኒክ አሲዱን በውኃው ውስጥ ትተው አነበቡት። ውጤቱ ለቤንች ማጂ 1.10፣ ለጌዴኦ ይርጋጨፌ 1.01፣ ለቴፒ 1.07፣ ለጎደሬ 1.19 በመቶ ነበር። ከእነዚህ አራቱ ዝቅተኛው የጌዴኦው ነው፤ ልዩነቱ ግን ከስኒ ስኒ የሚሰማ ዓይነት አይደለም። የጥናቱ ብልሃት ቀለም ከመፈለጉ በፊት መለያየቱ ላይ ነው። ፎሊን ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን እርምጃ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር ላይ የቀለም ልኬት ከሁሉ የላቀ ሥራ የሠራው ግን በቡና አይደለም፤ በሥጋ ደዌ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ፒተር ግሪስ ከሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1858 ዳያዞ ውህዶችን አገኘ፤ በኋላ እንግሊዝ አገር የቢራ ጠመቃ ኬሚስት ሆኖ ኖረ። ቀለበት ላይ የተቀመጠ የአሚን ቡድን ያለው ማንኛውም ነገር በቅዝቃዜ ከናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ዳያዞ ይሆናል፤ ዳያዞው ሌላ አሮማቲክ ሲያገኝ ተጣምሮ ደማቅ ቀለም ይሰጣል። በ1939 ብራተንና ማርሻል ይህን አጸግብሮት ሰልፋ መድኃኒቶችን በደምና በሽንት ውስጥ ለመለካት አስተካከሉት፤ የሚወጣው ቀለም ሐምራዊ ሮዝ ነው። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን ሁለት የአሚን ቡድን የያዘ አሮማቲክ ስለሆነ ለዚህ ዘዴ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ በ1965 ተቋቋመ። ታካሚዎች ዳፕሶን ለዓመታት በየቀኑ፣ ቤታቸው ሆነው፣ እንዲወስዱ ይታዘዙ ነበር። ኪኒኑን መውሰዳቸውን ግን ከቃላቸው ሌላ የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረም። በ1974 ሎውና ፒርሰን በአዲስ አበባ ታካሚዎች ሽንት ላይ ያደረጉት ጥናት ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ዳፕሶናቸውን ይወስዳሉ? የተጠቀሙበት ብልሃት ግሩም ነው። ሰው ብዙ ውኃ ከጠጣ ሽንቱ ይቀጥናል፣ መድኃኒቱም አብሮ ይቀጥናል፤ ስለዚህ የዳፕሶን ቁጥር ብቻውን ይዋሻል። ክሬአቲኒን ግን ከሰውነት በየቀኑ ሳያወላውል ይወጣል። እሱን የሚለካው ሌላ የቀለም ዘዴ፣ የያፌ የ1886 ብርቱካናማ አጸግብሮት፣ ራሱ ፒክሪክ አሲድ በሚባል አሮማቲክ የሚሠራ ነው። ሮዙ ለብርቱካናማው ሲካፈል የውኃው ጉዳይ ይሠረዛል።

የተገኘው መልስ ለሐኪሞቹ የሚያስደስት አልነበረም፤ ብዙዎች ከታዘዘላቸው በታች እየወሰዱ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት በኢትዮጵያ ዳፕሶንን የተላመደ የሥጋ ደዌ ጀርም በተደጋጋሚ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 መድኃኒቶችን ደርቦ መስጠትን ሲመክር ከጀርባው ከነበሩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ መላመድ ነበር። ዘዴው ያለ ጥርጣሬ የሚታመን እንዳይመስል አንድ ነገር መታከል አለበት፦ ሰውየው በሌላ ምክንያት ሰልፋ ወስዶ ከመጣ ሽንቱ ያንኑ ሮዝ ይሰጣል። የሕክምና ካርዱን ማየት የኬሚስትሪው አካል ነበር።

ለምን ይህ ሥራ የተሳካ፣ የፎሊኑ ደግሞ የሚያወዛግብ ሆነ? በዘነበወርቅ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከሽንቱ ውስጥ የሚፈለገው ውህድ ታውቋል፣ መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ሽንት ለንጽጽር አለ፣ መለኪያውም በራሱ በዳፕሶን ይሠራል። የቡና ገለፈት ላይ ጥያቄው «ስንት ፌኖል አለ» ሲሆን መልሱ የሚመጣው ከመቶ ዓይነት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው፤ ቀለሙ ያው ቀለም፣ ስፔክትሮፎቶሜትሩም ያው ቢሆን።

በየሆስፒታሉ የሚደረገው የደም ስኳር ምርመራም የዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ታካሚ ቀርቶ ብዙ ባለሙያ ልብ አይለውም። በትሪንደር የ1969 ዘዴ ኤንዛይም ከስኳሩ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ፐርኦክሳይዱ ፌኖልንና አራት-አሚኖአንቲፓይሪንን ያጣምራል፤ ቱቦው ይቀላል፣ 505 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ኤመርሰን ፌኖልን የሚፈልግበትን አጸግብሮት ገልብጦ፣ ፌኖሉን ራሱን ሪኤጀንት አድርጎ ነው። የወንዝ ውኃ ለመመርመር «መሣሪያ የለንም» የሚባልበት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ያው ቀለም በየቀኑ ይነበባል።

የማሽላ ታኒን በቫኒሊንና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለካል፤ 500 ናኖሜትር ላይ ቀይ ይሰጣል። ወፍ የማይደፍረው ቀይ ማሽላ በሕፃን ምግብ ላይ ፕሮቲን የሚያባክነው በዚህ ታኒን ነው። እዚያም መስመሩ በካቴኪን ይሠራል፣ ካቴኪን ደግሞ ታኒን አይደለም፤ ያው ክርክር።

ዘዴዎቹ የሚቆሙበት ወሰን የት ነው? ዲዲቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1945 ሼክተርና ሃለር ዲዲቲን በናይትሪክ አሲድ ለውጠው ከሶዲየም ሜቲሌት ጋር ሰማያዊ የሚያደርጉበት ዘዴ አወጡ፤ ለጊዜው ዓለም በሱ ለካ። ለወባ ዲዲቲ በተረጨባቸው አገሮች የተረፈ ኬሚካል ጥያቄ ሲመጣ ግን አሥር ማይክሮግራም አካባቢ የሚቆም ዘዴ አልበቃም፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ተተካ። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የጸረ-ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያውን ስታናጋ የነበረው ጠቅላላ ወሰን በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነበር። በቡና ዘይትና በክሎሮጀኒክ አሲድ መካከል ይህን ያህል ነገር በቀለም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያም የሚያንስ አለ። ሪዮ የሚባለውን የቡና ነውር የሚያመጣው ትራይክሎሮአኒሶል መሆኑ በ1990 ታወቀ፤ ይህ አሮማቲክ በሊትር በናኖግራም መጠን አፍንጫን ይመታል። የሩዋንዳና የቡሩንዲን ቡና የሚያስቸግረው የድንች ጣዕምም ከፒራዚን ቤተሰብ የሚመጣ ነው። ዲላ ላይ ባለው የምርት ገበያ የቡና ቅምሻ ማዕከል ማንኪያ የሚያነሳ ቀማሽ ለእነዚህ ከየትኛውም ሪኤጀንት የተሻለ መሣሪያ ነው።

ጌዴኦ ውስጥ የቀለም ዘዴ ቦታው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ቡናውን ማሞገሻ አይደለም። «ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ በከረጢት ላይ ለመለጠፍ ፎሊን መጠቀም ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ትርጉም የለውም። ቦታው ፍሳሹ ነው፤ እዚያ ፍጹም ቁጥር አያስፈልግም፣ ልዩነት ነው የሚያስፈልገው። ከመፈልፈያው በላይ፣ ከመፈልፈያው በታች፣ ኖራ ከመጨመሩ በፊትና በኋላ። ስህተቱ በሁለቱም በኩል ያው ስለሆነ ልዩነቱ ከነስህተቱ ይነበባል። የሚፈለገው ሥራ በ1996 በኮሌጅነት የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ዓይነት ተቋም የኬሚስትሪ ተማሪ በአንድ ስፔክትሮፎቶሜትር የሚወጣው ነው። በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም ቡናውን፣ እንሰቱንና ዛፉን ከነውኃው አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ውኃውን መከታተል ለዞኑ ትርፍ ሥራ አይሆንም።

በስልክ ካሜራ ቀለም የማንበብ ሙከራዎች በየቦታው እየወጡ ነው። ለጥቁር ጉድጓድ ውኃ ግን አያዋጡም፤ የናሙናው የራሱ ቀለም ከሪኤጀንቱ ቀለም ጋር ይደበላለቃል። ስፔክትሮፎቶሜትርም ቢሆን ሪኤጀንት ያልገባበት የናሙና ቱቦ ተነቦ ካልተቀነሰ እዚያው ወጥመድ ይገባል።

የክሎሮፎርሙ ጉዳይም አለ። አነስተኛ ፌኖል ለመያዝ የሚጠቅመው ፈሳሽ ራሱ ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ጢስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል ሊሠራበት አይገባም፣ ያገለገለውም ወደ መታጠቢያ አይደፋም። ወንዝ ለመጠበቅ ተብሎ ክሎሮፎርም ወደ ወንዝ ከሚደፋ ባይለካ ይሻላል።

አብዛኛው ስህተት ግን ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት የሚሠራ ነው። ፌኖል በባክቴሪያ ይበላል፣ ፖሊፌኖል በአየር ይጠቁራል፤ አሪቻ ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ በፀሐይ ሲንከራተት ዲላ የደረሰ ናሙና ሲነሳ የነበረውን አይደለም። ለአሚኖአንቲፓይሪን የሚሆነው በመስታወት ጠርሙስ ይቀዳል፣ እዚያው ጉድጓዱ ዳር በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል፣ በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ ላይ ይጓዛል፤ እንዲህ ከተያዘ እስከ 28 ቀን ይቆያል። ለፎሊን የሚሆነው በዚያው ቀን መሠራት አለበት። ጠርሙሱ ላይ ሰዓቱ፣ የውኃው ፒኤችና ኖራ መጨመር አለመጨመሩ ይጻፋል፤ ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ የትኛው ዘዴ፣ ተነጥሮ ወይስ ሳይነጠር፣ በየትኛው ንጹሕ ንጥረ ነገር መስመር።